ከደህናው ቦታ

ተመራማሪዋ ዕድሜዋን የፈጀችው በሰው አንጀት ላይ ነው። ግብዣ ላይ "ምን ላይ ነው የምትሠሪው?" ያሏት እንደሆነ የሰዎቹን ሳህን ታይና "ሐኪም ቤት ነኝ" ብላ ታልፋለች። የሰው ምግብ ማበላሸት ነውር ነው።

ወደዚህ ሥራ የከተተቻት ታናሽ እህቷ ናት። ልጅቷ ገና ተማሪ ሳለች አንጀቷ እየቆሰለ ይደማ ጀመር። ሐኪሞቹ የገዛ ሰውነቷ አንጀቷን እንደ ጠላት እየወጋው መሆኑን፣ በሽታው ጋብ ይላል እንጂ እንደማይድን ነገሯቸው። ታላቅየዋ ያን ቀን "እኔ አድንሻለሁ" አለቻት። የልጅነት ነገር ነው፤ ቃሏን ግን አልበላችም። እኩዮቿ ሲድሩና ሲኩሉ እሷ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ ጀርባዋ ጎበጠ። በመጨረሻ ቁስሉን ያበርዳል ያለችውን መድኃኒት አገኘች፤ በሰው ላይ እንዲሞከርም ተፈቀደላት።

ሙከራው እንዲህ ነው። ከሕሙማኑ ግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ግማሾቹ ባዶ ክኒን ይውጣሉ፤ የትኛው ለማን እንደደረሰ ማንም አያውቅም። ሐኪሙ ካሜራ ያለውን ቱቦ አስገብቶ ከአንጀታቸው ትንሽ ቁራጭ ይቆነጥራል፤ እሷ ቁራጩን ስም ባልተጻፈበት የማይክሮስኮፕ መስታወት ላይ ታየዋለች። ቁራጩ መወሰድ ያለበት ክፉኛ ከቆሰለው ቦታ ነው። ሐኪሙ ከየት እንደቆነጠረ ቆሞ የሚያይ ሰው ስለሌለ ነገሩ ሁሉ በእምነት ነው።

ሐኪሙ ደግሞ የተማሪ ቤት ጓደኛዋ ነው። በሽተኛ በተንፈራገጠ ቁጥር "ረጋ በሉ" ስለሚል ስሙ ዶክተር ረጋ በሉ ሆኖ ቀርቷል። አባቷ የሞቱ ጊዜ አስከሬን የተሸከመ፣ እናቷ "ልጄ" የሚሉት ሰው ነው። እህቷ ሙከራው ውስጥ ስትገባ በእሱ እጅ ናት ብላ እፎይ አለች። ስለ ሕመሟ እንዳትጠይቃት ደንቡ ይከለክላል፤ እሷም አልጠየቀችም።

የመጨረሻዎቹ መስታወቶች ሲመጡ ዓይኗን ማመን አቃታት። አንዱም ላይ ቁስል የለም። አንዱን አይታ ሳቀች፣ ሌላውን አይታ አለቀሰች። ባዶ ክኒን የዋጡት ሁሉ አብረው መዳናቸው ምን የሚሉት ተአምር ነው ብሎ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንኳ በጠየቀ ነበር። እሷ ግን ደስታ ጋርዷት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ እህቷ ቤት በረረች።

እህቷ መታጠቢያ ቤት ነበረች፤ ቶሎም አልወጣች። ደጃፉ ላይ የተሰቀሉት ፎጣዎች ሁሉ ጥቁር ናቸው። ነጭ ፎጣ የምትወድ ልጅ ናት። በመጨረሻ ግድግዳ ተደግፋ ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል።

"ትደሚያለሽ?" አለቻት ታላቅየዋ።

"መች ቆመና፣ እትዬ።"

ከዚያ ቀስ እያለች ተናገረች። ካሜራው ሲገባ እሷም ስክሪኑን ታይ ነበር። ቀዩን ቦታ አይታ "እዚህ ጋ ነው" ብትለው ሐኪሙ ቱቦውን አሳልፎ ደህና ከሆነው ቦታ ቆነጠረ። ለምን ብላ ስትጠይቀው ለእህትሽ ብለሽ ዝም በይ አላት።

"እኔም ዝም አልኩ" አለች። "ዕድሜሽን የበላሁት እኔ ነኝ። ይኼ እንኳ ይሳካላት ብዬ ነው።"

ታላቅየዋ ልትቆጣት አፏን ከፈተች፤ ግን ግድግዳ የተደገፈችውን እህቷን ይዛ አስቀመጠቻት። እህቷም ሐኪሙም ከድተዋታል፤ ሁለቱም እየወደዷት። ይህ ደግሞ ከጠላት ክዳት ይብሳል፤ በጠላት ቢያንስ ጥርስ ይነከሳል።

ሐኪሙን ክፍሉ ውስጥ እጁን ሲታጠብ አገኘችው። አልካደም፤ ከሕሙማኑ ሁሉ የቆነጠረው ከደህናው ቦታ ነበር። ሥራዋ ሲፈርስ ማየት እንዳቃተው፣ ሙከራው እንዳለቀ እህቷን ራሱ ሊያክማት አስቦ እንደነበር ነገራት። እጁን ሳያደርቅ "ረጋ በይ" አላት።

"ሠርቶ ቢሆንስ?" አለችው። "መድኃኒቴ እውነት ሠርቶ ቢሆንስ? እህቴ የዋጠችው ባዶውን ክኒን ቢሆንስ? አሁን በምን አውቃለሁ?"

አባቷን የተሸከሙት እጆች ውሃ ሲያንጠባጥቡ ታያቸው ነበር፤ ጠላችው፣ መጥላቷም አመማት።

በማግስቱ ሙከራውን በገዛ እጇ አስቆመች። ከዚያ እህቷን ይዛ ሌላ ሐኪም ቤት ሄደች። እዚያ የተቀበለቻቸው ወጣት ሐኪም ሕመሙ እንዴት እንደሆነ ስትጠይቅ ታናሽየዋ መጀመሪያ የእህቷን ፊት አየች።

"ደህና ነኝ" አለች። "ተሽሎኛል።"

"አስቁሜዋለሁ" አለቻት ታላቅየዋ። "ከእንግዲህ የምትዋሺለት መድኃኒት የለም።"

ታናሽየዋ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚያ ፊቷን ወደ ሐኪሟ አዞረችና ለእትዬዋ ያልነገረቻትን ሁሉ፣ ከዚያ ቀን በፊት አይታት ለማታውቅ ሴት ነገረቻት።