በሰበሰ የተባለው ምሰሶ

ግንቦት 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ማለዳ፣ ዳሪሙ ውስጥ ጉብታው ላይ ባለችው ክብ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የተገኙት አራት ነበሩ፦ ቄስ ሰይፈ ሚካኤል፣ የሕንጻ ኮሚቴው አባል እትዬ ዘውደነሽ፣ አናጢው ጋሽ ጭምዴሳ እና የኮሚቴው ጸሐፊ ደርበው።

የመጡት ለማፍረስ ነው። ታቦቷ በዋዜማው ወጥታ ጊዜያዊው መቃኞ ገብታለች። ደርበው ዓይኑን ከመሬት አላነሣም፤ ከጣሊያን በፊት አያቱ ጭቃ ያቦኩላት፣ እሱም ክርስትና የተነሣባት ቤት ናት። በስብሰባ አፉን ከፍቶ አያውቅም፤ ሲጽፍ ግን አንድ ፊደል አይስትም።

ቄሱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቃለ ጉባኤውን አስነበቡት።

«አናጢው መርምረው ምሰሶው በስብሷል ስላሉ፣ ፈርሳ በብሎኬት እንድትሠራ ተወስኗል።»

ጋሽ ጭምዴሳ መጥረቢያቸውን አወረዱ። «ማነው በስብሷል ያለው?»

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። የመረመሩ ዕለት ከውስጥ ሲጮኹ እኔ ደጅ ሆኜ ጻፍኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነበር…»

«አንተ ልጅ! ቦሶና ነው ያልኩት! ምሰሶው ቦሶና ነው! የጫካ እንጨት ነው፣ ምስጥ አይደፍረውም ማለቴ ነው። እኔ በማግሥቱ ለሥራ ያዮ ሄድኩ፣ ስብሰባችሁ ላይ አልነበርኩም። ትናንት አፍርስ ስትሉኝ፣ ብሎኬት አምሯቸው ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«ጉድ ፈላ!» አሉ እትዬ ዘውደነሽ። «ፊደል አይስት፣ ጆሮው ይስታል!»

ደርበው ቃለ ጉባኤውን አጠፈ።

«ግድግዳውስ? ይኸው ጎብጧል» አሉ ቄሱ።

«አባ፣ ግድግዳው ምን ተሸክሞ? እሱ ጋቢ ነው። ቅኔ ማኅሌቱንና ቅድስቱን ዞረው የቆሙት አሥራ ሁለቱ ምሰሶዎች ናቸው ጣሪያውን የያዙት። ኤጋ፣ እንግዲህ ኑ እዩ!»

ገቡ። አናጢው የአንዱን ምሰሶ እግር ልስን ፈቅፍቀው መሮ ቢመቱበት፣ መሮው እንደ ደወል ጮኾ ተመለሰ። ደርበው መሮውን ተቀበላቸውና ከምሰሶ ወደ ምሰሶ እየዞረ ራሱ መታ። በአንዱም አልገባለትም። አሥራ ሁለተኛው ዘንድ ሲደርስ እዚያው ተቀምጦ ሳቀ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲስቅ ቄሱ ሰምተውት አያውቁም ነበር።

«በል ተነሥ» አሉት እሳቸውም እየሳቁ፣ «ቃለ ጉባኤውን አርም።»

ሰኔ ሳይገባ ግድግዳው በጭድና በጭቃ ተመረገ፤ ታቦቷም ወደ መቅደሷ ተመለሰች።