አፏን የዘጋሁባት ሴትዮ

እኛ ፎቶ ቤት ማንም አፉን ከፍቶ አይወጣም። ደንባችን ነው። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ፊት ያቀልጣል፤ እኔ ላቡን እጠርጋለሁ፣ ብጉሩን አጠፋለሁ፣ ያዘነውን ትንሽ ፈገግ አደርገዋለሁ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር ብንጣላም፣ በፎቶሾፕ እኔን ናርዶስን የሚበልጥ እስከ አጣዬ ድረስ የለም። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሼ ተፈራም ባይናገሩትም ያውቁታል። ከኮምፒውተር የሚችሉት መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው።

ባለፈው ግንቦት ሰብለ የምትባል ሴት ከአዲስ አበባ ፍላሽ ይዛ መጣች። አምስት የፖላንድ ፎቶ አንሺዎች በአገራቸው ስለ ተቃውሞ ያነሷቸው አስራ ሁለት ፎቶዎች አሉበት። በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ለሦስት ቀን ልታሳያቸው ነው።

«በትልቁ አትሙልኝ። ቅዳሜ ጠዋት እወስዳለሁ» ብላ ሄደች።

ጋሼ ተፈራ ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄን ካበላሸሽ ማጀቴ ከተማ ያለችው አክስትሽ ጋ ሄደሽ ሽንኩርት ትኮተኩቻለሽ። እኔ ጋ ሥራ የለሽም።»

«ካላበላሸሁስ?»

«ካላበላሸሽማ ሥራሽ ነው። ምን ልሸልምሽ?»

ፎቶዎቹን ከፈትኳቸው። በረዶ ላይ የቆሙ፣ ሻማ የያዙ፣ ጃንጥላ የዘረጉ፣ ፖሊስ ፊት መሬት ላይ የተቀመጡ ሰዎች። እኔ በረዶ የማውቀው ፍሪጅ ውስጥ ነው። በዚያ ብርድ ቤታቸው አይሻላቸውም ወይ ብዬ ሳቅሁ። አስራ አንዱ ላይ ሰዎቹ ሩቅ ስለሆኑ የሚነካ ፊት አጣሁ። አስራ ሁለተኛው ላይ ግን አንዲት አሮጊት ብቻዋን ፎቶውን ሞልታዋለች። አፏ እስከ ጉሮሮዋ ተከፍቷል፣ እንባዋ ከንፍጧ ተቀላቅሏል፣ የአንገቷ ሥር ገመድ አክሏል።

አዘንኩላት። ልጆቿ ቢያዩዋት ምን ይላሉ? እንባዋን ጠረግሁላት። ከሌላ ሴትዮ ፎቶ ከንፈር ቆርጬ አመጣሁና አፏን ዘጋሁት። የአንገቷን ሥር አለሰለስኩት። የልጅ ልጇን ልትድር የተቀመጠች መሰለች። እዚያው ፍላሹ ላይ ዋናውን ተክቼ ሴቭ አድርጌ አተምኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰብለ ፎቶዎቹን ወለሉ ላይ ዘረጋች። አሮጊቷ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ይሄን ማን ነካው?»

ጋሼ ተፈራ ቀደሙኝ። «ማተሚያው አንዳንዴ ያዛባል፣ እመቤቴ።»

«ማተሚያ አፍ ይዘጋል?»

እሷ ዋናውን ፎቶ ለማስላክ ስልኳን አወጣች፤ ኔትወርክ የለም። ፍላሹ ላይ የቀረችውም ዝም ያለችው አሮጊት ብቻ ናት። ሰብለ «ይህችን አልሰቅልም» ብላ መጠቅለል ጀመረች።

ዝም ብል ጋሼ ተፈራ ሸፍነውኛል፤ ብናገር ማጀቴ ነኝ። ግን መጠቅለሏን ሳይ ከፋኝ። መጀመሪያ አፏን ዘጋሁባት፣ አሁን ደግሞ ከነጭራሹ ከሰልፉ ላስወጣት ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «አፍ ከፍቶ ፎቶ መውጣት እኛ ጋ ነውር ነው። ላሳምራት ብዬ ነው።»

ጋሼ ተፈራ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰብለ ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ምን እያለች ነበር የምትጮኸው?» አለችኝ።

«እኔ በምን አውቃለሁ?»

«እኔም አላውቅም፤ ፎቶ አንሺውም አልጻፈውም። ግን አፏ እንደተከፈተ ቢሆን የሚያያት ሁሉ ይጠይቅ ነበር።» ትንሽ አሰበችና ብዕር ሰጠችኝ። «ያደረግሽውን በእጅሽ ጻፊ። አብሮ ይሰቀላል።»

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ይህች ሴት እየጮኸች ነበር። አፏን የዘጋሁት እኔ ናርዶስ ነኝ፣ ከተፈራ ፎቶ ቤት። ሳልጠይቃት ነው።»

ጋሼ ተፈራ የቤታቸውን ስም ሲያዩ «ሰኞ እንዳትመጪ» አሉኝ።

ሰኞ መጣሁ። በሩ ፊት ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። በረዶ ላይ የሚቀመጥ ሰው ካለ የእኛ ፀሐይ ምን አላት? ጋሼ ተፈራ ዘለውኝ ገቡ። ሁለቴ ብቅ ብለው አዩኝ።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«ሥራዬን።»

«ሥራ የለሽም ብያለሁ።»

«ሰምቻለሁ።»

አራት ሰዓት ላይ እትዬ ጣይባ ከባጃጅ ወረዱ። ገበያ ማሾ የሚሸጡ ሴት ናቸው፤ አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ እሳቱ ግራ ጉንጫቸውን ነክቷቸዋል። ከቦርሳቸው እኛ ቤት የተነሡትን ጉርድ ፎቶ አወጡ።

«ናርዶስ አንቺ ነሽ? አዳራሹ ውስጥ የጻፍሽውን ልጄ አነበበችልኝ። ወላሂ ያኔ ነው የገባኝ። ለመታወቂያ ይህን ይዤ ብሄድ ‹እርስዎ አይደሉም› ብለው መለሱኝ። ጠባሳዬን የት ወሰድሽው?»

«ይቅርታ፣ እትዬ» ብቻ አልኩ።

«ይቅርታሽን ተቀብያለሁ። አሁን እንደገና አንሱኝ» ብለው ገቡ።

ጋሼ ተፈራ አነሷቸው። ከዚያ ኮምፒውተሩ ፊት ቆመው ማውዙን ወዲያና ወዲህ ገፋ ገፋ አደረጉትና በበሩ በኩል አዩኝ። ስሜን አልጠሩም። ወንበሩን ብቻ ሳብ አደረጉልኝ። ተነሥቼ ገባሁ።

ጠባሳው ስክሪኑ ላይ ከጆሮ እስከ አገጭ ተዘርግቷል። እጄ እንደለመደው ወደ ማጥፊያው ሄደ። መለስኩት።

«ትንሽ አለስልሺው እንጂ» አሉ ጋሼ ተፈራ በሹክሹክታ። «እንዲህ ሆኖ ከቤታችን ይውጣ?»

«የፊቱ ባለቤት እዚህ ተቀምጠዋል» አልኩ። «ይጠይቋቸው።»

ጋሼ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠይቁ ሰምቻቸው አላውቅም።

«እትዬ ጣይባ፣ ጠባሳውን... እንተወው?»

«ተዉት» አሉ። «ሻሼን ግን አቃኑልኝ፣ ተጣሟል።»