አንዳርጋቸው አሣ አይበላም

«እዚህ ቤት አሣ አይገባም» አለች ወለተ ኪዳን፣ ድንኳኑ በር ላይ ቆማ የሴትዮዋን ሰሃን በሁለት እጇ ወደ ኋላ እየገፋች። «ወንድሜ ሽታውን እንኳ አይችልም ነበር። ማን ልኮሽ ነው?»

ማንም አልላካትም። ሥርጉት ትባላለች፤ ጣና ሐይቅ ዳር በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ አሣ እየጠበሰች የምትሸጥ ሴት ናት። እዝን ይዛ ነው የመጣችው። እዝን ይዞ የመጣን ሰው ከለቅሶ ቤት በር መመለስ ነውር መሆኑን ወለተ ኪዳን አታጣውም፤ ግን የወንድሟን አሣ መጸየፍ ከጸሎተ ሃይማኖት ቀጥላ የምታምንበት ነገር ስለሆነ፣ ነውሩን ለመሸከም ቆርጣ ነበር።

የሟች ሚስት ሸዋዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። የባሏ የአንዳርጋቸው ሣልስት ነው። ከቀብሩ ወዲህ እህል በግድ ነበር የሚያጎርሷት። አሁን ግን የቀረሶ አሣ ጥብስ ሽታ ከበሩ መጣባት፤ ከሽታው ሥር ደግሞ ሎሚ አለ። ሎሚውን ታውቀዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳርጋቸው ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ ሐሙስ ሐሙስ ጸጉሩን አበጥሮ፣ ጫማውን ጠርጎ መውጣት ጀመረ። ሲመለስ እጁ ሎሚ ሎሚ ይላል። ለምን ብትለው ለደም ግፊቴ ነው ይላታል። የደም ግፊት መድኃኒት በእጅ አይጠጣም። ሸዋዬ ሌላ ሴት ጠረጠረች፤ በዚህ ዕድሜው ብላ ሳቀች፣ ደግሞ ማታውን አለቀሰች፣ ግን አፍ አውጥታ አልጠየቀችም። እነሆ ሰውዬው ድንገት ሞተ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «ባልሽን እናውቀዋለን፣ እንዲህ ያለ ሰው» እያለ ሲያወድስ እሷ ሐሙሶቹን ታስባለች። ማንን እንደምታለቅስ በትክክል አላወቀችም ነበር።

«ትግባ» አለች።

ሴቶቹ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሁሉም ጠርጥረዋል ማለት ነው። ሥርጉት አንገቷን ደፍታ ገባች፤ ሰሃኗን መሬት አስቀምጣ ከፍራሹ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

ሸዋዬ ከሐይቁ ማዶ፣ የቁንዝላ አሣ አስጋሪ ልጅ ናት። አፍ የፈታችው በአሣ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። አንዳርጋቸው ደግሞ የሰባታሚት ገበሬ ልጅ ነው፤ ጣና አፍንጫው ሥር እያለ አሣን ከእባብ ለይቶ አያውቅም። እንደተጋቡ ሰሞን ሠራችለት። ስለወደዳት አንድ ጎረሰ፤ ከዚያ ሮጦ ወጥቶ አጥሩን ይዞ አስመለሰ። ሲመለስ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «ወይ እኔ ወይ አሣው» አላት፤ ሁለቱም ሳቁ። ቀልዱ ግን ቆይቶ የቤቱ ሕግ ሆነ። ሸዋዬ አሣውን ተወችው። ገበያ ስትወርድ ብቻ አሣ ተራ ጋ እግሯ ይጎተት ነበር።

ሥርጉት ተናገረች። አንድ ሐሙስ አንዳርጋቸውን ዝናብ አባሮት ዳሷ ገባ። ሳይገዙ መቀመጥ ይሉኝታ ያዘውና አንድ ቀረሶ አዘዘ፤ ሊነካካው ብቻ ነበር ያሰበው። ጨረሰው። ሌላ አዘዘ። በሳምንቱ ፀሐይ ሆኖ ሳለ መጣ። «አፌ ነው ያረጀው ወይስ አሣው ነው የተለወጠው?» ብሎ ሥርጉትን እንደ ሐኪም ጠየቃት። ሲበላ ቆይቶ እጁን በሎሚ አሽቶ ይታጠብና፣ አሽቶ አሽቶ «ሸተተ?» እያለ አፍንጫዋ ሥር ይዘረጋላት ነበር።

ሸዋዬ ከፍራሹ ተስፈንጥራ ተነሥታ ተንበረከከች። ፊቷ በርቷል። እንደታጨች ልጃገረድ፣ ስለማታውቀው ሙሽራ ወሬ እንደምትለቅም ሆነች። ቅቅሉን ነው ጥብሱን? ጥብሱን። በምን? በሚጥሚጣ። ቤቷ ቃሪያ ያቃጥለኛል የሚለው ሰው በሚጥሚጣ! ጭንቅላቱንስ? እሱንም መጥምጦ። ወለተ ኪዳን አግዳሚው ላይ ቁጭ አለችና ሰባታሚት ይህን እንዳትሰማ አለች።

ከዚያ ሸዋዬ ድምጿን ዝቅ አደረገች። የፈራችው ጥያቄ ይህ ነበር።

«እኔን ለምን ደበቀኝ?»

«እኔም ጠይቄያቸው ነበር» አለች ሥርጉት። «‹በእኔ ምክንያት ዕድሜዋን ሙሉ ተወችው፤ አሁን በየትኛው ፊቴ እበላለሁ ልበላት› አሉኝ። ኋላ ግን ቆረጡ። ለእንቁጣጣሽ ይዣት እመጣለሁ፣ የቁንዝላውን አጠባበስ ተማሪልኝ አሉ። ይኸው ከቁንዝላ ሰው ጠይቄ ተማርሁ። ያመጣሁልዎ እሱን ነው።»

ጳጉሜን ገብቷል፤ እንቁጣጣሽ ደጅ ነው። ሸዋዬ ደስ አላት። በባሏ ሣልስት፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ደስታው ከእግሯ እስከ ራሷ ወጣ። ሌላ ሴት የለችም። ያቺ የተፈራች ሌላ ሴት ራሷ ሸዋዬ ኖራለች። እጇን እንኳ በወጉ ሳትታጠብ ከቀረሶው ትልቅ ጉርሻ ቆርሳ ጎረሰች።

አልጣማትም።

አላመጠች፣ ጠበቀች። የሥርጉት ጥፋት የለበትም፤ ጭሱም ጨውም ልክ የእናቷ ነው። ሽታው ግን አፍንጫዋ ላይ ወጣ። የቁንዝላ አፏ መቼ እንደሄደ አላወቀችም። አሣ ተራ ጋ እግሯ ሲጎተት ስንት ጊዜ ከልማድ ብቻ እንደነበር ማን ያውቃል። እሱ ወደ እሷ ሲመጣ እሷ ወደ እሱ ሄዳ መንገድ ላይ ተላልፈዋል። ሳቋ አመለጣት፤ በነጠላዋ ሸፈነችው። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ያዩት ሴቶች ለቅሶ መስሏቸው ወይኔ ወይኔ ሲሉ፣ እሷም ቀስ በቀስ ወደ እውነተኛው ለቅሶ ገባች።

ሲበርድላት የጎረሰችውን ዋጠች።

«ለእንቁጣጣሽ ቢያመጣኝ ኖሮ» አለች ለሥርጉት ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ጣፈጠኝ ብዬ ጥርግ አድርጌ እበላለት ነበር።»

ሥርጉት ሰሃኑን ላንሳው ብላ እጇን ሰደደች፤ ሸዋዬ ግን ወደ ራሷ ሳበችው። ጣቶቿ አልረሱም። ከቀረሶው ወገብ ጀምራ እሾሁን በዝግታ እየነቀለች ለብቻ አኖረች። ነጩን ሥጋ ደግሞ እየለቀመች፣ በሰሃኑ በወዲያኛው በኩል፣ ባሏ ቢኖር በሚቀመጥበት፣ ሰው በሌለበት አቅጣጫ ደረደረችው።