ያልተቆጠረው ሰው

ቴሎን ጠዋት ዓይኑን ከገለጠ በኋላ ቶሎ ከአልጋው አይወርድም። ስንፍና እንዳይመስላችሁ፤ በጥንቷ የግሪኮች ከተማ በክሮቶን ከእሱ የበለጠ ታታሪ ድንጋይ ጠራቢ አልነበረም። ነገሩ የቁጥርና የዜማን ምሥጢር የሚያጠና የአንድ ዝግ ማኅበር ሰው መሆኑ ነው። የማኅበሩ ሰው ደግሞ ትናንት ከነጋ እስኪመሽ ያገኘውን ሰው፣ የተናገረውን ቃል፣ የሠራውንና መሥራት ሲገባው የተወውን ሁሉ በተራ በተራ አስታውሶ ሳይጨርስ እግሩን መሬት አያስነካም። መጀመሪያ ማንን አገኘሁ? ምን አልኩት? እሱስ ምን መለሰልኝ? እንዲህ እያለ ከበሩ ደጃፍ ተነስቶ እስከ እራቱ ይደርሳል። ጥፋት ካገኘ ራሱን ይወቅሳል፤ ካላገኘ ፊቱ ፈክቶ ይነሳል።

ሚስቱ ፊሊስታ ማኅበርተኛ አይደለችም። ፍየሏን አልባ፣ እሳቱን አንድዳ፣ የገብሱን ቂጣ አብስላ ስታበቃ በመጋረጃው ብቅ ትልና፣ «የት ደረስክ?» ትለዋለች።

«ገና የትናንት ምሳ ላይ ነኝ» ይላል እሱ ዓይኑን እንደጨፈነ።

«እንግዲያው ፈጠን ብለህ ብላ፤ የዛሬው ቁርስ እየቀዘቀዘብህ ነው።»

እንዲህ ሲቀላለዱ ነው የኖሩት። በዚያ ዓመት ግን ፊሊስታ ቀልዱን ተወችው፤ ወንድሟ ክራቲዳስ ሞቷል ተብሎ ነበርና።

ሞቷል ተባለ እንጂ ሰውየውስ እንደ ፈረስ ጤነኛ ነበር። ክራር ሠሪ ነው፤ የኤሊ ቅርፊት ከዓሣ አጥማጆች እየገዛ፣ የበግ ጅማት እያከረረ ይሠራል፤ በከተማው ውስጥ ያለ ሠርግ ሁሉ በእሱ ክራር ነው የሚደምቀው። ከቴሎን ጋር አብረው ያደጉ፣ አብረው ወደ ማኅበሩ የገቡ ናቸው። አዲስ ገቢ ለዓመታት አፉን ዘግቶ መስማት ብቻ ነው የሚፈቀድለት። ቴሎን ይህ አልከበደውም፤ ድሮም ቢሆን ከሰው ይልቅ ከድንጋይ ጋር ነው የሚግባባው። ክራቲዳስ ግን ዝምታው እንደ ጠባብ ጫማ ሲያሰቃየው ኖሮ እንደምንም ጨረሰው። ጨርሶ በውስጥ የሚነገረውን በሰማ በዓመቱ ግን፣ አንድ ቀን ወደብ አጠገብ ካለ ወይን ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ ሳንቃ ላይ ጅማት ወጠረና ለመርከበኞቹ ያሳያቸው ጀመር። ሙሉውን ምታው፤ አሁን እኩሌታው ላይ ያዝና ምታው፤ አባትና ልጅ አንድ ዜማ፣ አንዱ በወፍራም አንዱ በቀጭን ድምፅ፣ ሲያዜሙ ማለት አይደለም ወይ? ዓለም በሙሉ በዚህ ልክ ነው የተወጠረው፣ አላቸው። መርከበኞቹ ወይን ጋበዙት። ወሬው ግን ከወይኑ በፊት ማኅበሩ ቤት ደረሰ።

የማኅበሩ ደንብ የታወቀ ነው። የውስጡን ወደ ውጭ ያወጣ ሰው አይደበደብም፣ አይሰደብም። እንደ ሞተ ይቆጠራል። ከከተማው በር ውጭ፣ መንገዱ ዳር፣ የመቃብር ሐውልት ይቆምለታል፤ ከዚያ ወዲያ ማኅበርተኛ ስሙን አይጠራም፣ ሰላም አይለውም።

የማኅበሩ ሽማግሌ ደማራቶስ ቴሎንን አስጠርተው ሐውልቱን እንዲሠራ ነገሩት። ቴሎን ለሌላ ሰው ይሰጥልኝ ሊል አስቦ ነበር። ነገር ግን በማኅበሩ የተሰጠን ሥራ መምረጥ የለም፤ የተሰጠው ሰው ሐሳቡን ከመሮው ጫፍ ሳያርቅ መሥራት ነው ያለበት። ነጭ ድንጋይ አስመጣና ጀመረ።

መጀመሪያ እጁ እንቢ ብሎት ነበር። በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ክራቲዳስ ክራር ሲቃኝ አንገቱን ወደ ግራ ሰበር አድርጎ፣ የታችኛውን ከንፈሩን ወደ ውስጥ ነክሶ ነው። ያንን አንገት ከድንጋዩ ማውጣት ጀመረ። መሮው እንደዚያ ታዞለት አያውቅም። ምሳ ይረሳ ነበር። ከንፈሩን ለማውጣት ብቻ ቀናት ፈጀ፤ በሞረድ እየዳሰሰ፣ በእርጥብ አሸዋ እያሸ፣ አንዳንዴ ብቻውን ፈገግ እያለ። ሐውልቱን ለምን እንደሚሠራው ጨርሶ ዘነጋው። በኋላ ሲያስበው አንጀቱን የሚቆርጠው ይኸው ነው፤ ደስ እያለው ነበር የሠራው።

ሐውልቱ ሲቆም ከተማው ጉድ አለ። ዕድሜ ልኩን የመቃብር ድንጋይ የጠረበው ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ክራቲዳስም ሊያየው መጣ። ብዙ ቆሞ አየው። ከዚያ ለሙታን እንደሚደረገው ከያዘው ወይን ጥቂት ድንጋዩ ሥር አፈሰሰና የቀረውን ራሱ ጠጣው። ለአላፊ አግዳሚው ሟቹ መልከ መልካም ነበር፣ ያሳዝናል፣ ይል ነበር አሉ። ዓሣ ሻጮቹም ተቀበሉት፤ ሬሳው ዛሬ ሰርዲን ገዛ፣ ሬሳው ደግሞ ተከራከረ፣ እያሉ ይስቁበት ጀመር።

በማግስቱ ቴሎንና ክራቲዳስ ምንጩ ጋ ተገጣጠሙ።

«ቴሎን፣ አማቼ፣ ደህና አደርክ?» አለ ክራቲዳስ። «እኔ እንኳ ከመቃብሬ እየመጣሁ ነው። አንገቴን አሳምረኸዋል።»

ቴሎን ዓይኑን ከእንስራው ሳያነሳ ውኃውን ሞልቶ ሄደ።

በነጋታው ጠዋት አልጋው ላይ ተጋድሞ ትናንትን ሲያስታውስ ምንጩ ጋ ደረሰ። እዚያ ጋ ጥፋት ያገኘ መሰለው። ግን አሰበበት፤ የሞተ ሰው አይገናኝም። ያልተገናኙት ሰው ሰላምታ ደግሞ ቢመለስም ባይመለስም ጥፋት አይባልም። አለፈው። ምንጭ፣ ከምንጭ ወደ ሥራ ቤት፣ ከሥራ ቤት ምሳ። ንጹሕ ቀን ሆነለት። ከዚያ ወዲያ ክራቲዳስን በገበያ ቢያገኘው፣ በጠባቡ መንገድ ትከሻ ለትከሻ ቢተላለፉ፣ ጠዋት ሲደርስበት እየዘለለው ያልፋል። ማኅበርተኞቹ የየቀናቸውን ጥፋት ሲነጋገሩ ቴሎን የሚለው ነገር እያነሰ መጣ። ደማራቶስም ሰውየው ወደ ፍጹምነት እየቀረበ ነው ብለው አመሰገኑት።

ፊሊስታ ግን ወንድሟን ከሕያዋን ትቆጥረዋለች፤ ኑሮው ሲበላሽም ታያለች። የሞተ ሰው የሠራውን ክራር ማንም ለሠርግ አይገዛም፤ ገድ የለውም። የክራቲዳስ ሱቅ ክራሮቹን እንደሰቀለ ዝም አለ። ሁሉም ያደንቀዋል የተባለው ሐውልት ነው ገበያውን የገደለው፤ ተራ ድንጋይ ቢሆን ኖሮ ሰው ሳያየው ያልፈው ነበር። በመጨረሻ ክራቲዳስ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ሲሲሊ ሊሻገር ወሰነ።

ከመሄዱ በፊት በነበረው ቀን ሥራ ቤቱ ድረስ መጣ። ቴሎን የአንድ ነጋዴ ደጃፍ ደፍ እየጠረበ ነበር። ክራቲዳስ በሩ ላይ ቆመ፤ አልገባም። ፊሊስታ ከጓዳ ወጥታ በሁለቱ መሃል ቆመች።

«ነገ ጠዋት ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ሲነሳ እንሄዳለን» አለ። ለማን እንደሚናገር አይታወቅም። «ልወቅስህ አልመጣሁም። አፌን መያዝ ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። አንድ ነገር ብቻ። ስሜን ጥራኝና ልሂድ።»

ቴሎን መዶሻውን አቆመ። ቀና ብሎም አየው። ስንት ወር ከዚያ ፊት ጋር ሲውል ኖሮ ሰውየውን ያየው አሁን ገና ነበር። ከስቷል። አንገቱ ቀጥ ብሏል፤ ወደ የትም አልተሰበረም፣ የሚሰማው ቅኝት የለውማ። ጺሙ ውስጥ ሽበት ገብቷል። ድንጋዩ ላይ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም።

ስሙ ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። ነገር ግን ምላስ ዝም ማለትን ለዓመታት ከተማረ በአንድ ቀን አይረሳውም። አፉን ከፈተ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ።

«ተወው ክራቲዳስ» አለች ፊሊስታ። «እሱ ነገ አልጋው ላይ ያስታውስሃል።»

ወንድሟ እንደ መሳቅ ብሎ ሄደ።

በእራት ሰዓት ፊሊስታ አብረኸኝ ወደብ ትወርዳለህ ወይ ብላ ጠየቀችው። እሱ ቂጣውን ይቆርስ ጀመር። በልቡ ግን ቆርጦ ነበር። ማኅበሩ ያለውን ይበል፤ ነገ ወርዶ በሰው ፊት ስሙን ሊጠራው፣ አቅፎት ሊሰናበተው።

ሲነጋ ዓይኑን ገለጠ። እጁ ብርድ ልብሱን ሊገፍ ሄዶ ነበር። ከዚያ እንደ ልማዱ ትናንትን ጀመረ። ቶሎ የሚያልቅ መስሎት ነበር። የሥራ ቤቱ በር ጋ ሲደርስ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አልዘለለም። መጣ፣ ቆመ፣ ስሜን ጥራኝ አለኝ፣ አልጠራሁትም። እሱን ሲቆጥር ያኛው መጣ፤ በጠባቡ መንገድ ያለፈው። ያኛውን ሲቆጥር ከዚያ በፊት የነበረው። የዘለላቸው ቀናት ሁሉ ተራቸውን ጠብቀው ቆመው ኖሮ አንዱ ሌላውን እየጠራ መጣ። አሁን ተነስቼ ብሄድ ደግሞ ሳልጨርስ ሄድኩ ማለት ነው፣ አለ። በትክክል ቆጥሬ፣ ጥፋቴን በሙሉ ይዤ ልሂድ። ለክራቲዳስም የሚገባው ይኸው ነው።

መጋረጃው ተገለጠ። «የት ደረስክ?» አለች ፊሊስታ። መጎናጸፊያዋን ለብሳለች።

«ምንጩ ጋ።»

«ትናንት የትኛው ምንጭ ሄድክ?»

ጥቂት ቆማ አየችውና መጋረጃውን ለቀቀችው። የግቢው በር ሲዘጋ ሰምቷል። ልነሳ ነው፣ ልነሳ ነው እያለ የሐውልቱ ሥራ ላይ ደረሰ፤ እዚያ ደግሞ ደስ ያለው ቀን ሁሉ ሊቆጠር ነበር።

ሲጨርስ ፀሐዩ መስኮቱን አልፎ ግድግዳው ላይ ወጥቶ ነበር። ሳይታጠብ፣ ጫማ ሳያደርግ ወደ ወደቡ ሮጠ። ወደ ባሕሩ ከገባው የመሬት ጫፍ ወዲያ የመርከቡ ሸራ ብቻ ይታያል። ቴሎን ውኃው ዳር ደረሰና በሙሉ ድምፁ ጠራው።

«ክራቲዳስ!»

መረብ የሚጠግኑት ሰዎች ዞረው አዩት። ከመሃላቸው አንዱ ሽማግሌ መርፌውን ሳያስቀምጥ፣ «አንተ ሰው ደህና ነህ?» አለው። «እሱን እኮ የቀበራችሁት እናንተ ናችሁ።»

የቀሩት ሳቁ፤ ክፋት ግን አልነበረበትም።

ፊሊስታ የዕቃ መጫኛው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቀስ ብሎ ሄደና አጠገቧ ቆመ።

«ስለ እኔ ጠየቀ?» አላት።

«ገመዱ እስኪፈታ ድረስ መንገዱን ሲያይ ነበር። አንዴ አቁሙልኝ ብሎም ለመናቸው።»

«ምን አልሽው?»

«ተኝቶ እያስታወሰህ ነው አልኩት።»

ቴሎን ማኅበርተኛ ነውና መልሱን እስከ መጨረሻው መስማት ነበረበት። «እሱስ ምን አለ?»

«ሳቀ» አለች ፊሊስታ። «እንደ ድሮው ነው የሳቀው። ከዚያ፣ 'ይጨርስ እንግዲህ፣ አትቀስቅሱት' አለና ወደ መርከቡ ወጣ።»

ተነስታ መጎናጸፊያዋን አራገፈችና ሽቅብ መንገዱን ያዘች። ቴሎን ሸራው እስኪጠፋ ቆሞ ነበር። ከጠፋም በኋላ ቆሞ ነበር።