ደርበው የጨረሰው ሥራ

«ይቺ ሳንቃ ሰው ትገድላለች!» አሉ ጋሼ አምባዬ። ከደጅ ሲገቡ እግራቸው ተጠልፎ ሊወድቁ ለጥቂት ነው የተረፉት። ወዲያው ያሉት ነገር ታወቃቸውና አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ያዙ። ወንድማቸውን የቀበሩት ትናንት ነው።

ለቀስተኛው ሁሉ አቀረቀረ። ሮማነወርቅ ብቻ ቀና ብላ ሳንቃዋን አየቻት። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ሰሌን ላይ ተቀምጣለች፤ ድምፅዋ በለቅሶ ብዛት ከተዘጋ ቆይቷል። ሳንቃዋ አንድ ጫፏ በምስማር ሳይመታ የቀረ ናት። ሟቹ ባሏ ደርበው ወለሉን ሳንቃ ሲያለብስ ሌሎቹን መትቶ ሲያበቃ፣ እሷን «ነገ» ብሎ ተዋት። ሁለት ክረምት አለፈ። የቤቱ ሰው እግሩን ከፍ ማድረግ ለመደ፤ የሚደናቀፈው እንግዳ ብቻ ሆነ።

ደርበው ቤቱን ለማሻሻል ያልጀመረው ነገር አልነበረም። የጨረሰው ግን የለም። ቡና ጭኖ ጋምቤላ በወረደ ቁጥር፣ ሌላው ነጋዴ ጨውና አቡጀዲ ይዞ ሲመለስ፣ እሱ ቆርቆሮ፣ ምስማርና መስተዋት አስጭኖ ይመጣል። የጣሪያው የፊት ገጽ ቆርቆሮ ነው፣ የጓሮው ሣር። በመንገድ በኩል የመጣ እንግዳ ባለጠጋ ቤት የገባ ይመስለዋል፤ በጓሮ በኩል የመጣው ያዝንላቸዋል። ከወንዙ ውሃ በቀርከሃ ስቦ እስከ አጥሩ ድረስ አድርሶት ነበር። ከአጥሩ እስከ ቤት ያለውን ሮማነወርቅ በእንስራ ትጨርሰዋለች።

«ምነው አንዱን እንኳ ብትጨርሰው?» ትለዋለች።

«ሁሉም ካለቀማ እኔ ምን ልሠራ ነው?» ይላታል እየሳቀ።

መብራቱም እንደዚያው ነበር። ጎሬ የነበረ አንድ ግሪክ ነጋዴ ንግዱ አልሆንለት ብሎ ወደ አገሩ ሲሄድ ኤሌትሪክ የሚያመነጭ ዲናሞውን ሸጠለት። ደርበው ዲናሞውን ከጓሮው በታች ካለው የውሃ ወፍጮው ጋር በጠፍር አያይዞ፣ ሽቦ ጎትቶ፣ ከትልቁ ቤት ጣሪያ ላይ አንድ አምፑል አንጠለጠለ። የመቱ ሰው ተሰብስቦ አየ። ማጥፊያውን ግን አልሠራለትም። ወፍጮው ሲዞር አምፑሉ ይበራል፣ ወፍጮው ሲቆም ይጠፋል። ጠራራ ፀሐይ ላይ ሲበራ ይውልና ሲመሽ ይጠፋል። ጎረቤቱ ሲስቅበት ደርበውም አብሮ ይስቃል።

አሁን ወፍጮው ቆሟል፤ አምፑሉም ጨለማ ነው። ጋሼ አምባዬ ከሥሩ ተቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጎሬ በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉ፣ የሚፈሩ ሰው ናቸው።

«ውሃውን የለቀቀው ማን ነው?» አሉ።

መልሱን የማያውቅ አልነበረም። ወፍጮ ፈጩ ምንዳዬ ነው። ደርበው በማርያም ዕለት ጣሪያ ላይ የወጣው፣ በበዓል ወፍጮ ስለማይዞር ሽቦው ውስጥ ምንም እንደማይኖር አውቆ ነው። ጓሮ ያለው ማድ ቤት ጣሪያ ላይ ሆኖ ሽቦውን ሲያያይዝ ወፍጮው ዞረ። ሽቦው ያዘውና ወርውሮ ከድንጋዩ ላይ ጣለው። ምንዳዬ ጩኸቱን ሰምቶ ውሃውን ሲዘጋ ነገሩ አልቆ ነበር። ከቀብሩ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተጠግቷል አሉ።

«ጠንቃቃ ወንድሜን፣ በዓል ጠብቆ ሥራ የያዘውን ሰው፣ አንድ ባለጌ በላብኝ! ሰልስቱ ይውጣ። አስይዤ ጎሬ እወስደዋለሁ። ሰንሰለቱን እዚያ ያገኘዋል።»

በሴቶቹ በኩል ሹክሹክታ ተነሣ። «በማርያም ሽቦ ሲጎትት ዝም ትበለው እንዴ?» አለች አንዷ። «የለም፣ ሽቦው ውስጥ ያለው ነገር ነው» አለች ሌላዋ። ሮማነወርቅ ሁለቱንም ሰማቻቸው። ጠንቃቃ የሚለው ቃል ግን ከሁሉም ይልቅ ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። ደርበውን ጠንቃቃ ያለው ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ወለተ ማርያም መጡ። አጥር ለአጥር የሚዋሰኑ ጎረቤት ናቸው። እሳቸውም በዚያው ሳምንት አንዲት ልጃቸውን ቀብረዋል። ሁለቱ ሐዘንተኞች ተቃቅፈው ተላቀሱ። አሮጊቷ ከጎኗ ከተቀመጡ በኋላ አፋቸውን ወደ ጆሮዋ አስጠጉ።

«ልጄ፣ እህሉ የኔ ነበር።»

«የቱ እህል?»

«ያን ዕለት የተፈጨው። ለልጄ ሰልስት ነው። በማርያም ወፍጮ እንደማይዞር አጥቼው አይደለም፤ ብቻ የለቅሶ እህል…»

«የለቅሶ እህል በበዓልም ይፈጫል» አለች ሮማነወርቅ። ይህን የማያውቅ መቱ ውስጥ የለም። ሐዘን የገባበት ቤት እህል ይዞ ከመጣ፣ ገናም ይሁን ፋሲካ፣ ወፍጮ ፈጩ ውሃውን ይለቃል።

«ምንዳዬማ እምቢ አለኝ። ‹ጋሼ ደርበው ሽቦ ላይ ነው፣ ቆዩ› አለኝ። እኔ እንግዶቼ ሊደርሱብኝ ነው፤ ልቤ ጠፍቷል። ወደ ደርበው ሄድኩ። ከማድ ቤቱ ጣሪያ ላይ ሆኖ አየኝ። እዚያው ላይ ሆኖ ለልጄ አለቀሰልኝ። ከዚያ ‹ሂዱ፣ ደርበው ልቀቅ ብሎሃል በሉት። እኔ የቀረችኝ አንዲት ጫፍ ናት፤ እህሉን ሰፍራችሁ ሳታበቁ እጨርሳታለሁ› አለኝ።»

ሮማነወርቅ ዞር ብላ አየቻቸው።

«ለምን እስካሁን አልተናገሩም?»

«እንዴት ብዬ? ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ‹ራሱ ነው ያዘዘው› ልበል? ወንድሙ ቆመው እያወደሱት? ላንቺም ያልኩሽ ቢያንቀኝ ነው።»

እጨርሳታለሁ። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰምታዋለች! ሐዘኗ መሐል ቁጣ መጣባት፤ እውነተኛ ቁጣ። ከመቃብሩ አስነሥታ ትከሻውን ይዛ ልትነቀንቀው ፈለገች። ለሰው እምቢ ማለት የማይሆንለት፣ ሰዓቱን ሁሉ ሰፊ የሚያደርግ፣ ነገ የሚባል ነገር እንደማያልቅ የሚቆጥር ሰው። እሷን ብቻዋን ትቷት ሲሄድም ሳይጨርስ የሄደ ነው የመሰላት።

ደግሞስ ማድ ቤት መብራት ማን ጠየቀው?

ነገሩ የመጣው በአንዲት ጠጠር ነው። ምስር ወጥ ሲበላ ጠጠር ነክሶ ጥርሱ ተሸረፈ። እሷም አፍራ፣ «ምን ላድርግ? ማድ ቤቱ ጨለማ ነው። ጠጠሩንና ምስሩን የምለየው በጣቴ ነው» አለችው። ጉንጩን ይዞ እየሳቀ፣ «እንግዲያው እዚያም መብራት ይገባል» አለ።

«እኔ መስኮት ነው የምልህ! በመጥረቢያ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።»

«መስኮትማ ማንም አለው። መቱ ውስጥ በኤሌትሪክ ምስር የምትለቅም ሴት አንቺ ብቻ ትሆኛለሽ።»

ስቃ ነበር። ያን ቀን መሳቋ አሁን አንጀቷን በላው።

በሰልስቱ ፍትሐቱ አልቆ ሰዉ ዳሱ ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ምንዳዬ መጣ። አንገቱ ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሟል። ጎንበስ ብሎ በሰዉ መሐል አልፎ ጋሼ አምባዬ ፊት ቆመ። ደንቡ የታወቀ ነው፤ የበደለ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፣ የተበደለ «ይቅር ለእግዜር» ብሎ ያወርድለታል። ጋሼ አምባዬ ግን ፊታቸውን አዞሩ።

«ይሸከመው» አሉ። «እስከ ጎሬ ድረስ ይሸከመው።»

ሽማግሌዎቹ «ኧረ ስለ ማርያም! ኧረ ኦቦ አምባዬ!» እያሉ ተነሡ። ጋሼ አምባዬ አልሰሙም። ምንዳዬ አፉን አልከፈተም። ማን ልቀቅ እንዳለው ያውቃል፤ ሟችን ከሚያማ ድንጋዩን መሸከም መርጧል። ድንጋዩን በሁለት እጁ ደግፎ ቆመ።

ሮማነወርቅ ቤት ውስጥ ሆና በበሩ በኩል ታየዋለች። ዝም ብትል ደርበው የተመሰገነ፣ በሰው እጅ የሞተ ሰው ሆኖ ይቀራል። ብትናገር በገዛ ሰልስቱ፣ በገዛ ሚስቱ አፍ፣ በራሱ ችኮላ የሞተ ሊባል ነው። ነገ ወንዝ ስትወርድ ምን እንደሚሏት ታውቀዋለች። እትዬ ወለተ ማርያም እጇን ጨበጡ፤ ሊይዟት ይሁን ሊገፏት አልገባትም።

ተነሣች። ሳንቃዋን ሳታያት እግሯን ከፍ አድርጋ አለፈቻት።

«ጋሼ አምባዬ፣ ድንጋዩን ያውርዱለት» አለች። ድምፅዋ ተዘግቶ ስለነበር ሰዉ ለመስማት ጸጥ አለ። «ውሃው ይለቀቅ ያለው ደርበው ነው።»

«ምን አልሽ?»

«እህሉ የእትዬ ወለተ ማርያም ነበር፤ የለቅሶ እህል። ምንዳዬ እምቢ ብሏቸው ነበር። ደርበው ነው ከጣሪያው ላይ ሆኖ ልቀቅ ያለው። ሳትሰፍሩ እጨርሳታለሁ ብሎ።»

«የሞተ ሰው አይመልስም ብለሽ ነው? ወንድሜን ቂል ልታደርጊው ነው?»

«እኔ ነኝ የማደርገው?» አለች። «እኔም ተናድጄበታለሁ እኮ! ይኸው ሦስት ቀን ማልቀስ እንኳ በቅጡ አልቻልኩም። ግን ሰው ሲያለቅስ አይቶ ቆዩ ማለት አይችልም ነበር። እርስዎ አሳድገውት የለም እንዴ? አያውቁትም?»

እትዬ ወለተ ማርያም ከኋላዋ ወጡ። «እውነቷን ነው» አሉ። «እኔ ነኝ የጠየቅኩት። ድንጋይ የሚያስፈልግ ከሆነ እኔን አሸክሙኝ።»

ጋሼ አምባዬ ሁለቱን ሴቶች ተራ በተራ አዩ። ከዚያ ዓይናቸው ዳሱን አልፎ ጣሪያው ላይ ዋለ፤ ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ሣር። 

«ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ወንዝ ስንሻገር፣ ቆይ ሳልለው መሐል ይደርሳል።»

ተነሡና ድንጋዩን ከምንዳዬ አንገት ላይ በሁለት እጃቸው አንሥተው መሬት አስቀመጡት። ይቅር ለእግዜር አላሉም። ያን ማለት ሳይችሉ ቀርተው ተመልሰው ተቀመጡና ጋቢያቸውን ተከናንበው አለቀሱ።

ምንዳዬ አልተንቀሳቀሰም። አንገቱ ቀና ማለት አቅቶታል።

«ለሰባቱ ዱቄት የለኝም» አለችው ሮማነወርቅ። «እህሉ ጎተራ ውስጥ ነው። ወስደህ ፍጭልኝ።»

«እትዬ…» አለ ምንዳዬ። «እትዬ፣ እኔ ያን ውሃ ሁለተኛ አልነካም። ዋቅዮ ያውቃል፣ እጄ እምቢ ይለኛል።»

«የለቅሶ እህል ነው» አለችው።

ከዚያ በኋላ የሚባል አልነበረም። እህሉን ተሸክሞ ቁልቁል ወረደ። ሰዉ ከሽቦው ሥር ሸሽቶ ወደ አንድ በኩል ተጠጋጋ። ሽቦውን እስከዚያ ቀን ድረስ ሊነካው የደፈረ ስላልነበረ፣ ከወፍጮው እስከ ማድ ቤቱ ደርበው እንደዘረጋው ተዘርግቶ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ውሃው ተሰማ፤ ቀጥሎ የድንጋዩ መዞር። በትልቁ ቤት ውስጥ አምፑሉ በጠራራ ፀሐይ በራ። አንዳንዱ አማተበ።

ያን ጊዜ ነው ከጓሮ ጩኸት የመጣው። ማድ ቤት ሆና ለለቀስተኛው ምግብ የምታሰናዳ አንዲት የጎረቤት ሴት ማማሰያዋን እንደያዘች እየሮጠች ወጣች።

«ኢፋ! ኢፋ!» አለች በኦሮምኛ፤ «ብርሃን! መብራቱ! እዚህም በራ!»

ሮማነወርቅ ወደ ጓሮ ሄደች። የሚከተላት ሰው ከበሩ ላይ ቆመ። በጭስ በጠቆረው ጣሪያ ላይ፣ ከአንዲት ሽቦ ጫፍ የተንጠለጠለ አምፑል ይበራ ነበር። ውሃው ሲበረታ ይደምቃል፣ ሲደክም ይደበዝዛል። ያቺን የቀረችውን ጫፍ አያይዟት ነበር። ከመውደቁ በፊት ጨርሷት ነበር።

ግድግዳው፣ ጥላሸቱ፣ ማሰሮዎቹ ሁሉ እንግዳ ሆነው ታዩዋት። ከምድጃው አጠገብ ምስር የፈሰሰበት ሰፌድ አለ። ዱካ ላይ ተቀመጠችና ሰፌዱን ጭኗ ላይ አደረገችው።

«ኧረ ተይ፣ ሐዘንተኛ ነሽ፤ እኛ እንለቅመዋለን» አለች ያቺው ሴት፣ ሰፌዱን ልትቀበላት እጇን ዘርግታ።

«ተይኝ» አለች ሮማነወርቅ።

በዚያች በምትዋዥቅ ብርሃን ሥር ጎንበስ ብላ ምስሩን በጣቷ በታተነችው። ጠጠሯን አየቻት። በዓይኗ አየቻት። አንሥታ አልጣለቻትም፤ በነጠላዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ቋጠረቻትና፣ እንባዋ ሰፌዱ ላይ እየወረደ፣ መልቀሟን ቀጠለች።