ሞተር ሲጠፋ

ባሕር ኃይል ነበርኩ ስል የባምባሲ ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ! ዛሬ ማንጎ ብተክልም፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቀይ ባሕር ላይ፣ የጦር መርከብ ውስጥ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ የጠላት ሰርጓጅ መርከብ ድምፅ ስጠብቅ ኖሬአለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ሰብለወንጌል ከአሶሳ በሚኒባስ መጣች። ሥራዋ ትርጉም ነው። ይዛው የመጣችው ወረቀት ስለ ሰርጓጅ ማደኛ መሣሪያዎች ገበያ የሚያወራ ነበር።

“ጋሼ፣ ቃላቱን እርስዎ ያውቋቸዋል” ብላ ታነብልኝ ጀመር።

ገበያው በየዓመቱ ያድጋል ይላል። አንዱ አገር የሚገዛው ጎረቤቱ ስለገዛ ነው። ጎረቤቱም የገዛው ያኛው ሊገዛ ነው ሲባል ሰምቶ ነው።

“በቃ፣ አቁሚ!” አልኳት።

እኔም አንድ ቀን “ሰርጓጅ አለ!” ብዬ መርከቡን ቀውጢ አድርጌው ነበር። ሁለት ሰዓት አሳደድነው። ስንዞር አብሮን ይዞራል፤ ስንፈጥን ይፈጥናል። በመጨረሻ አዛዣችን ሞተሩን አስጠፋና እንደገና አዳምጥ አለኝ። ባሕሩ ጭጭ ብሏል። ለካ ስናሳድድ የቆየነው የራሳችንን ሞተር ድምፅ ኖሯል! ከዚያ ወዲያ አንዳችን ጠላት ሰማሁ ካለ መጀመሪያ የእኛ ሞተር ይጠፋ ነበር።

ይህንን ነገርኳትና፣ “እስቲ ፈልጊ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ያዳመጠ አገር እዚያ ውስጥ አለ?” አልኳት።

ሰብለወንጌል ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ገጽ ገለጠችው።

“እሱ ገበያ የለውም፣ ጋሼ” አለችኝ።