የሄርሚኒዮ ነጭ ወይን ስንት ዓመቱ ነው?

ባሌ ሄርሚኒዮ ስስታም ነው ብል ሐሜት አይሆንብኝም፤ እሱ ራሱ አይክድም። እዚህ ፖርቱጋል፣ ጋያ ከተማ ውስጥ ወይን ጠጅ የሚያስረጅ ሰው ሁሉ ትንንሽ በርሜል ይጠቀማል። ወይኑ በእንጨቱ በኩል ይተነፍሳል፣ በየዓመቱም ትንሽ ትንሽ እየተነነ ይጎድላል። ሄርሚኒዮ ይህ መጉደል አልተዋጠለትም። አንዲት ልጃችን ኢዳሊና በተወለደች ዓመት የጠመቀውን፣ ጣፋጭነት የሌለውን፣ ፖርቶ የሚባለውን ነጭ ወይን ቤት በሚያህል፣ ብዙም በማያስተነፍስ በርሜል ውስጥ ከተተው። ለአየር ግብር አልከፍልም አለ። ጎረቤቶቹ መከሩት። ምክር በነፃ ስለሆነ ተቀበለ፣ ግን አልሠራበትም።

ኢዳሊና ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላት ወይኑን ለመንግሥት ቀማሾች ላከ። ጠርሙሱ ላይ «ሃያ ዓመት» የሚል እንዲጻፍለት ነው። እግሩም ልቡም ደክሟል፣ ከዚህ ሌላ ወይን እንደማያወጣ ሁለታችንም እናውቃለን። ስሙን ከዚያ ቁጥር ጎን ማየት ፈለገ። እኔም አጥብቄ ተመኘሁለት።

ችግሩ፣ እዚህ አገር የወይን ዕድሜ በልደት ቀን አይቆጠርም። ቀማሾቹ የማን እንደሆነ ሳይነገራቸው ይቀምሱና ሃያ ዓመት የቆየ ይመስላል ወይም አይመስልም ይላሉ። የስምንትና የአርባ ዓመት ወይን ደባልቆ ሃያ የተባለለት ጎረቤት አለን። ማንም አጭበርባሪ አይለውም፤ ይመስላላ።

ከቀማሾቹ አንዷ ኢዳሊና ናት።

መልሱ «አይመስልም» የሚል ሆነ። ከፈለገ አስር ብሎ ያቅርበው ተባለ። ሄርሚኒዮ እስከ እሑድ ድረስ አኩርፎ ቆየ። ኢዳሊና ለምሳ መጥታ ገና ሳህኗን ሳትነካ ጀመራት።

«አንቺም ቀምሰሻል?»

«ቀምሻለሁ አባዬ።»

«የኔ መሆኑን አላወቅሽም።»

«ጠርጥሬ ነበር።»

«እና?»

«አይመስልም አልኩ።»

ሹካዬን አስቀመጥኩ። ለአባቷ እንዲህ መጨከኗ አናደደኝ።

«ሃያ ስድስት ዓመቱ እኮ ነው» አላት። «እኩያሽ ነው።»

«ነው። ግን ቆለፍክበት እንጂ አላስረጀኸውም። ምንም አላጎደልክበትም። ምንም ያልጎደለበት ወይን በምን ያርጅ?»

ሄርሚኒዮ ወደ እኔ ዞሮ ዓሣው ጨው በዝቶበታል አለ። አልበዛበትም።

በማግስቱ አሮጌ ትንንሽ በርሜሎች አስመጣ። ወይኑን ሲያስገለብጥ ወለሉ ላይ የፈሰሰውን አይቶ አልተሳደበም፤ ያኔ ፈራሁ። በርሜሎቹንም እስከ አፋቸው አላስሞላቸውም፣ ለአየሩ ቦታ ተወለት። ሃያ ለመምሰል ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ጠየቅሁት። አስር ዓመት ገደማ አለኝ። ሐኪሙ ስለ ልቡ የነገረንን ሁለታችንም ሰምተናል።

«አንተ ሰውዬ፣ ታዲያ ለማን ነው?» አልኩት።

የበርሜሉን ውታፍ በመዳፉ መታ መታ አደረገና፣

«እሷ ትቀምሰዋለች» አለኝ።